ስሙ ሳይጠራ የታወቀ ሰው

የጤና ጥናትን በታማኝነት ስለ መጻፍና ስለ ማሳተም በድሬዳዋ ከተማ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤያት አባላት የቀረበ ንግግር



እኛ በዚህች ከተማ በሕክምና ሙያ የምናገለግል፣ ከሥራችን ጎን ለጎን የጤና ጥናት የምንጽፍና የሌሎችን ጥናት የምንገመግም ጥቂት ባለሙያዎች ነን። የመጣንበት ጉዳይ የሕክምና ጥናት እንዴት ይጻፍ፣ እንዴትስ ይታተም የሚል ነው። ይህ የመጽሔት አርታኢዎችና የዩኒቨርሲቲ መምህራን ጉዳይ እንጂ፣ የሚያፈስ ጣሪያ የሚያስጠግነውን፣ የጠበል ቦታ የሚያሳጥረውንና የአረጋውያንን ቀለብ የሚያስበውን ሰበካ ጉባኤ ምን ያገባዋል የሚል ሰው ቢኖር አንፈርድበትም። እኛም ለብዙ ጊዜ የአርታኢዎች ጉዳይ ብቻ ይመስለን ነበር። አሳባችንን የለወጠው በገዛ እጃችን የሠራነው ስሕተት ስለ ሆነ፣ ንግግራችንንም ከዚያው እንጀምራለን።

የእኛ ስሕተት

ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ብዙ ሰው በሐፍረት የሚያየው ሕመም ይዟቸው እኛ ወደምንሠራበት የሕክምና ቦታ መጡ። ሕመሙ ያልተለመደ መልክ ስለ ነበረው፣ ሌሎች ሐኪሞች ቢያውቁት ይጠቅማል ብለን ለአንድ የሕክምና መጽሔት ጻፍነው። እናታችን ለሕክምናው ፈቃዳቸውን ሰጥተውን ነበር፤ ለጽሑፉ ግን አልጠየቅናቸውም። ስማቸውን እስካልጻፍን ድረስ መጠየቅ የሚያስፈልግ አልመሰለንም። ስማቸውን ትተን ዕድሜያቸውን፣ የሚኖሩበትን ሰፈር፣ የሚተዳደሩበትን ሥራ፣ የልጆቻቸውን ቁጥርና ለሕክምና የመጡበትን ወር ጻፍን። ጽሑፉ ታተመ፤ እኛም ደስ አለን።

ድሬዳዋ ምን ዓይነት ከተማ እንደ ሆነች እናንተ ከእኛ የበለጠ ታውቃላችሁ። ከከዚራ እስከ ሳቢያን፣ ከለገሀር እስከ ደቻቱ ማዶ ሰው ሰውን ያውቃል። ፀሐይ ሲበርድ ደጅ ወጥቶ መጨዋወት የቆየ ልማዳችን ነው። ጽሑፉን ያነበበ አንድ ተማሪ ነገሩን ለቤተሰቡ አነሣው። በዚያ ሰፈር፣ በዚያ ሥራ የምትተዳደር፣ ያን ያህል ልጆች ያሏት ሌላ ሴት አልነበረችም። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ወሬው ቤት ለቤት ዞሮ ባለቤቷ ጋር ደረሰ። እናታችን ወደ እኛ መጥተው የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሕመማቸውን ለማን እንደ ነገሩ እንድናስረዳቸው። እሳቸው ለሐኪም የነገሩ መስሏቸው ነበር። መልስ አልነበረንም። በኋላ እንደ ሰማነው ከዕድራቸው ራቁ፤ በበዓል ቀን እንኳ ከሰው ጋር ቆመው ማስቀደስ አፈሩ።

ዛሬ የሕመሙን ዓይነት፣ ሰፈሩንና ዓመቱን ሳንጠቅስ የምንናገረው ረስተነው አይደለም። ያን ጊዜ ልናደርገው ሲገባ ያላደረግነውን አሁን በማድረግ ነው።

ሕጉ ቀድሞም ነበረ

በዚያ ጽሑፍ የጣስነው ሕግ ያልተጻፈ ቢሆን ኖሮ ጥፋታችን ይቀል ነበር። ነገር ግን ተጽፎ ቆይቶ ነበር። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ1964 እ.ኤ.አ. በፊንላንድ ሄልሲንኪ ከተማ ያወጣው መግለጫ፣ በሰው ላይ የሚደረግ የሕክምና ጥናት ሁሉ የሰውየውን ደኅንነትና ክብር ከዕውቀት ጥቅም በላይ እንዲያስቀድም ያዝዛል። መግለጫው በየጊዜው ሲሻሻል ቆይቶ በ2024 እ.ኤ.አ. እንደ ገና በሄልሲንኪ ታድሷል። በዚህ እድሳት ጥናት የሚደረግበት ሰው እንደ ዕቃ የሚቆጠር እንዳይመስል አጠራሩ ተለውጦ «ተሳታፊ» ተብሏል። ያው መግለጫ ጥናት የሚጽፍ፣ ለጥናት ገንዘብ የሚሰጥ፣ የሚያርምና የሚያሳትም ሁሉ ለሚታተመው ነገር በኅሊና ተጠያቂ መሆኑንም ይናገራል።

በ1978 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጥቂት የሕክምና መጽሔት አርታኢዎች በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ ተሰብስበው ለመጽሔቶቻቸው አንድ ወጥ ደንብ መጻፍ ጀመሩ። መጀመሪያ የተነጋገሩት ጽሑፍ በምን መልክ ይቅረብ ስለሚለው ነበር። እየዋለ ሲያድር ግን ማን ደራሲ ይባላል፣ ለጥናቱ ገንዘብ ማን ከፈለ፣ የታማሚው ምስጢር እንዴት ይጠበቃል ወደሚሉት ጥያቄዎች ተሻገሩ። ዛሬ ይህ የዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔት አርታኢዎች ኮሚቴ የሚባለው አካል ያወጣው መመሪያ፣ ማንነቱ ሊታወቅ የሚችል ታማሚ በጽሑፍ እስካልፈቀደ ድረስ ታሪኩ እንዳይታተም፣ ፈቃዱንም ሲሰጥ የሚታተመውን ጽሑፍ አስቀድሞ እንዲያይ ያዝዛል። በ1997 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የተቋቋመው የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴም ስሕተትና ማጭበርበር በተገኘ ጊዜ አርታኢዎች ምን እንደሚያደርጉ ይመክራል።

በአገራችንም ጉዳዩ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታተማል። ብሔራዊ የምርምር ሥነ ምግባር መገምገሚያ መመሪያ አለ፤ በየዩኒቨርሲቲውና በየምርምር ተቋሙም ጥናት ከመጀመሩ በፊት የሚመረምሩ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ተቋቁመዋል። የጎደለው መመሪያው ከቢሮ ወጥቶ ሰው በእምነት አፉን ወደሚከፍትበት ቦታ መድረሱ ነው። ያ ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው።

ጉዳዩ በሦስት በር ይገባል

የመጀመሪያው በር ማኅተማችሁ ነው። ተመራቂ ተማሪም ሆነ የተቋም ባለሙያ መጠይቁን ይዞ ሲመጣ፣ አስቀድሞ ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ወይም ወደ ሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ጎራ ብሎ የትብብር ደብዳቤ ይጠይቃል። ያ ደብዳቤ ከተሰጠ በኋላ ምእመኑ አጥኚውን እንደ ቤተ ክርስቲያን መልእክተኛ ያየዋል። ለሐኪም የማይናገረውን ይናገራል፤ እንቢ ማለትም ድፍረት ይመስለዋል። ማኅተም ለአጥኚው በር ይከፍታል፤ ለምእመኑ ግን እንቢ የሚልበትን በር እንዳይዘጋበት ልንጠነቀቅ ይገባል።

ሁለተኛው በር ሰው በጭንቁ ጊዜ የሚገኝባቸው ቦታዎች ናቸው። ጠበል የሚጠመቀው፣ በታኅሣሥና በሐምሌ ዐሥራ ዘጠኝ ወደ ቁልቢ የሚጓዘው፣ በለቅሶ ቤት የተቀመጠው ሁሉ የጥናት ዐይን ያርፍበታል። ከእኛ ብዙ በማይርቀው በምሥራቅ ሐረርጌ ቀርሳ ወረዳ፣ የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት እየመዘገበ ይገኛል። ሰው በቤቱ ሲሞት ሐኪም ስላላየው የሞቱ ምክንያት ሳይታወቅ እንዳይቀር፣ ሠልጥነው የሚመጡ ጠያቂዎች ቤተሰቡን አነጋግረው ምክንያቱን ለመረዳት ይሞክራሉ። ይህ ለአገር እጅግ የሚጠቅም ሥራ ነው፤ እናቶችና ሕፃናት በምን እንደሚሞቱ ሳይታወቅ ማዳን አይቻልምና። ነገር ግን የሐዘንተኛን ቃል መቀበል ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሦስተኛው በር የራሳችን ብዕር ነው። ኮሚቴዎቻችን ለለጋሾችና ለሀገረ ስብከት ሪፖርት ይጽፋሉ፤ የተረዱ ሰዎችን ታሪክ ከፎቶግራፍ ጋር ያሳትማሉ። «እገሌ ከቫይረሱ ጋር ይኖር ነበር፤ በተሰጠው ድጋፍ ዶሮ አርብቶ ተቋቋመ» ተብሎ ከፊቱ ምስል ጋር የወጣው ሰው ልጆች ትምህርት ቤት ምን እንደሚጠብቃቸው ጠይቀን እናውቃለን? ሰውየው እርዳታ እየተቀበለ ፎቶ አልነሣም ለማለት አቅም ነበረውን? ይህ የሕክምና መጽሔት ባይሆንም ሕጉ አንድ ነው።

አባቶች ይህን ለመረዳት ከፊንላንድም ከካናዳም ትምህርት አያስፈልጋቸውም። የንስሐ አባት የሰማውን እንዳይገልጥ ቀኖና ይከለክለዋል። ስም ሳይጠራም ቢሆን፣ ሰሚው ማን እንደ ሆነ በሚያውቅበት መንገድ መናገር ምስጢር ማውጣት መሆኑን ካህናት ያውቃሉ። እኛ ሐኪሞች ያን ብናውቅ ኖሮ በዚያች እናት ላይ ያደረግነውን ባላደረግን ነበር።

ዝምታ መፍትሔ አይሆንም

ይህን የሰማ ሰው እንግዲያስ አጥኚ ከደጃችን አይድረስ ሊል ይችላል። እንዲህ ያለው ውሳኔ ሌላ ጥፋት እንደሚያመጣ የዚህችው ከተማ የቅርብ ታሪክ ያሳያል።

በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ በወባ ተመታች። ከጥር እስከ ሐምሌ ባሉት የፈረንጅ ወራት በ2019 የተመዘገቡት ታማሚዎች 205 ሲሆኑ፣ በ2022 በዚያው ወቅት 2,425 ሆኑ። ወረርሽኙ የተነሣው ወባ በማይጠበቅበት በደረቁ ወቅት ስለ ነበር ብዙ ሰው ግራ ተጋባ። ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ማደሪያቸው፣ ቤተሰቦችም በመኖሪያቸው ታመሙ። በአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ባለሙያዎች የተመራ ቡድን ከከተማው ሰዎች ጋር ሆኖ መረመረ። አስተላላፊዋ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል፣ ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ መሆኗን የሚያሳይ ማስረጃ ተገኘ። ይህች ትንኝ በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ በአገራችን በቀብሪ ደሐር ታይታ ነበር። እንደ ለመድናት ትንኝ ረግረግና የዝናብ ኩሬ አትጠብቅም፤ ሰው ለቤቱ ውኃ በሚያጠራቅምበት በርሜል፣ ሮቶና የግንባታ ጉድጓድ ትራባለች። ጥናቱ በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ኔቸር ሜዲስን በተባለው መጽሔት ታትሞ በዓለም ተነበበ።

ይህ ጥናት እንዲገኝ የድሬዳዋ ሰዎች ደማቸውን ሰጥተዋል፤ ግቢያቸውን ከፍተው የውኃ ዕቃቸውን አስፈትሸዋል። ደጃቸውን ዘግተው ቢሆን ኖሮ በርሜሉ መከደን እንዳለበት፣ በከተማ መኖርም በደረቅ ወቅት ከወባ እንደማያስጥል በዚህ ማስረጃ ባልታወቀ ነበር። ለሌሎች የአፍሪካ ከተሞችም ማስጠንቀቂያ ሆኗል። እውነተኛ ጥናት በእውነት ሲታተም ምጽዋት ነው፤ የአንዱ ሕመም ለሌላው ጥበቃ ይሆናል። የሥነ ምግባር ሕግም የሚያስፈልገው ይህ ምጽዋት እንዳይበላሽ ነው። አንድ ጊዜ የተከዳ ሰው በሁለተኛው ወረርሽኝ ጊዜ በሩን አይከፍትምና።

ስም ከመቃብር በላይ ነው

ስለ ስምም ጥቂት እንበል። በብራና መጻሕፍቶቻችን መጨረሻ ላይ የጸሐፊው ስምና መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስም ተጽፎ እናገኛለን። ጸሐፊው ስለ ስሕተቱ ይቅርታ ይለምናል፤ አንባቢ እንዲጸልይለትም ይማጸናል። በአንዳንዶቹ መጻሕፍት ግን የመጀመሪያው ባለቤት ስም ተፍቆ በላዩ የሌላ ሰው ስም ተጽፏል። ይህን የሚያደርገውን ሰው የሚያወግዝ ቃል በብዙ መጻሕፍት የተጻፈው ነገሩ የሚደረግ ስለ ነበረ ነው። ብራናው ሲፋቅ ጠባሳው ይቀራል፤ ዛሬም ወደ ብርሃን አቅርቦ ያየ ሰው የተፋቀውን ቦታ ያውቀዋል።

በሕክምና ጽሑፍም ስም ይፋቃል፤ ያልሠራም ስም ይጨመራል። አለቃ ስለ ሆነ ብቻ ስሙ ከፊት የሚጻፍ አለ። ፀሐይ ላይ ቤት ለቤት ዞሮ መረጃ የሰበሰበው ወጣት ደግሞ በምስጋናው ላይ እንኳ ሳይጠቀስ ይቀራል። የአርታኢዎቹ ኮሚቴ መመሪያ ደራሲ ለመባል አራት ነገሮችን በአንድነት ይጠይቃል። ጥናቱን በማቀድ፣ መረጃውን በማሰባሰብ ወይም በመተንተን ጉልህ ድርሻ መኖር፤ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በጥልቀት ማረም፤ የመጨረሻውን ጽሑፍ አይቶ ማጽደቅ፤ ለተጻፈውም ሁሉ ተጠያቂ ለመሆን መስማማት። አራቱን ያላሟላ ሰው በምስጋና ይጠቀሳል እንጂ ደራሲ አይባልም። በ2023 እ.ኤ.አ. ኮሚቴው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጽፍ የኮምፒዩተር መሣሪያ ደራሲ ሊባል እንደማይችል የወሰነውም ስለዚህ ነው፤ መሣሪያ ተጠያቂ አይሆንምና። የተጠቀመበትም ሰው መጠቀሙን መግለጥ አለበት።

ጥሩ ምሳሌም አለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዐድዋ ላይ የቢልሃርዝያን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ውኃ በሽታውን የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። የመጀመሪያውን ዘገባቸውን በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት አሳተሙ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ሲቀበሉም፣ የግኝቱ መነሻ ልብስ የሚያጥቡ ሰዎች ልማድ መሆኑ አልተሸሸገም። ዕውቀት ከሕዝብ ሲወሰድ ምንጩን መናገር የሳይንቲስቱን ክብር እንደማይቀንስ ይህ ምስክር ነው።

ያልተሳካውንም መጻፍ

ሦስተኛው የሕጉ ምሰሶ እውነት ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ላንሴት የተባለው ታዋቂ የእንግሊዝ መጽሔት የኩፍኝን ክትባት ከሕፃናት የአእምሮ እድገት ችግር ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ አወጣ። ጥናቱ የተደረገው በ12 ሕፃናት ላይ ብቻ ነበር። ወላጆች ፈሩ፤ የሚከተቡት ሕፃናት ቁጥር ቀነሰ። ኋላ ሲመረመር ጽሑፉ የማይታመን ሆኖ ተገኘ፤ ጸሐፊውም የገንዘብ ጥቅም ግንኙነቱን ሳይገልጥ መቅረቱ ታወቀ። መጽሔቱ ጽሑፉን የሻረው በ2010 ነው። ውሸቱን ለመሻር ዐሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ፤ ፍርሃቱ ግን ዛሬም በየአገሩ ይዞራል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ቢባልም፣ እስኪጠራ ድረስ በጨለማው የሚወድቅ ሕፃን አለ።

እኛ ክትባት አናጠናም ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ሦስት ሥልጠና የወሰደውን አንድ ሰው ሦስት ሰው አድርጎ የሚቆጥር ሪፖርት ከዚሁ ዘር ነው። የተቆፈረው ጉድጓድ ውኃ እንደ ደረቀ ሳይጽፍ «ሁለት መቶ አባወራ ተጠቃሚ ሆነ» የሚል ሪፖርትም እንዲሁ። የሄልሲንኪው መግለጫ ያልተሳካውም ውጤት እንዲታተም የሚያዝዘው በምክንያት ነው። የእኛ ጉድጓድ ለምን እንደ ደረቀ ብንጽፍ፣ ጎረቤት አጥቢያ በዚያው ስሕተት ገንዘቡን አያፈስስም ነበር።

ስለ ጠበል ፈውስም በጥንቃቄ እንናገር። የዳነ ሰው ወዶ ምስክርነቱን ቢሰጥ የራሱ ነው፤ ማንም አይከለክለውም። ሌላ ሰው ያን ምስክርነት ወስዶ ከምስሉና ከሕመሙ ስም ጋር ሲያሳትመው ግን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ጥናት ነው ብሎ ሲያቀርበውም ማስረጃ ይጠየቃል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር አብሮ ሊወሰድ እንደሚችል በይፋ መናገራቸው የብዙ ሰው ሕይወት የሚነካ ቃል ነበር። በጥንቃቄ ያልተጻፈ አንድ የፈውስ ዘገባ ያን ትምህርት አፍርሶ አንድን ሰው መድኃኒቱን ሊያስጥለው ይችላል።

እንድትቀበሉት የምንለምነው

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ፣ የዓለሙን መመሪያ በሙሉ ተርጉማችሁ አጽድቁ አንልም። እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ በቃለ ጉባኤ የሚያጸድቀው፣ በአንድ ገጽ የሚያልቅ የራሱ ደንብ እንዲኖረው እንለምናለን። አሳባችን ይህ ነው።

አንደኛ፤ የትብብር ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት አጥኚው ከሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ያገኘውን የፈቃድ ደብዳቤ ያሳይ፤ ግልባጩም በፋይል ይቀመጥ።

ሁለተኛ፤ ደብዳቤው ምእመናን እንቢ የማለት መብት እንዳላቸው በግልጽ ይናገር። ለጥናት የማይተባበር ሰው ከቀለብም፣ ከዕድርም፣ ከጠበልም እንደማይጎድልበት በዐውደ ምሕረት ይነገር።

ሦስተኛ፤ በጥናት ለመሳተፍ የተሰጠ ፈቃድ ለማሳተም እንደ ተሰጠ አይቆጠር። የአንድ ሰው ታሪክ ወይም ምስል ሲታተም ባለቤቱ የሚታተመውን አይቶ ወይም ተነቦለት በሚገባው ቋንቋ ይስማማ። በድሬዳዋ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ስለሚነገሩ፣ ሰው በማይሰማው ቋንቋ የፈረመው ፊርማ ፈቃድ አይባልም።

አራተኛ፤ ስም መተው ብቻውን አይበቃም። ዕድሜ፣ ሰፈር፣ ሥራና ወር አንድ ላይ ሲቀመጡ ስም ይሆናሉ። ለጽሑፉ የማያስፈልገው ዝርዝር ይውጣ። ዝርዝሩን ግን በሌላ በመለወጥ መደበቅ አይገባም፤ ያ ውሸት ነውና።

አምስተኛ፤ በራሳችን ሪፖርት የሠራ ሰው ይጠቀስ፤ ያልሠራ አይጨመር። ገንዘቡን የሰጠው አካልም ሳይሸሸግ ይጻፍ።

ስድስተኛ፤ ያልተሳካው ከተሳካው ጋር ይጻፍ። ስሕተት ሲገኝ በሚቀጥለው እትም ይታረም።

ሰባተኛ፤ አጥኚው ውጤቱን ይዞ ተመልሶ ለሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ እንዲናገር አስቀድሞ ቃል ይግባ። ሳይመለስ የቀረ ሰው ሁለተኛ ደብዳቤ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ይታሰብ።

ይህ ሥራ እንዳይበዛባችሁ የምትሰጉ እንዳላችሁ እናውቃለን። በትንሽ አጥቢያ ጸሐፊው አንድ ዲያቆን ብቻ ሊሆን ይችላል። ለጋሾችም ፎቶግራፍ ካላዩ ገንዘብ አይሰጡም የሚል ስጋት አለ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ፊት ሳይታይ የሥራ እጅ፣ የተከደነ የውኃ በርሜል፣ የታነጸ ግድግዳ በፎቶ ሊታይ ይችላል። ለጋሹ ከዚህ በላይ ቢጠይቅ ደንባችንን ማሳየት እንችላለን። ደንብ የሌለው ኮሚቴ በተጠየቀ ጊዜ ይሸነፋል፤ ደንብ ያለው ግን «ጉባኤው እንዲህ ወስኗል» ብሎ ይመልሳል። ወረርሽኝ በተነሣ ወይም አጥኚው በቸኮለ ጊዜ ደንብ ማርቀቅ አይቻልም፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ደብዳቤ ጠያቂ ከደጃችሁ ሳይደርስ እንድትወስኑ እንለምናለን።

በመጨረሻ ወደዚያች እናት እንመለስ። ጥፋታችንን ካወቅን በኋላ ቤታቸው ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። ለመጽሔቱም ጻፍን፤ በኤሌክትሮኒክስ ከሚነበበው ጽሑፍ ላይ ዝርዝሩ እንዲወጣ ተደረገ። በወረቀት የታተመው ግን በየመደርደሪያው ተቀምጧል፤ ልንሰበስበው አልቻልንም። እሳቸው ይቅር ብለውናል። ይቅር ሲሉንም ከእንግዲህ ሌላ ሰው እንዲህ እንዳይሆን እንድንናገር አዘዙን። ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው በእሳቸው ፈቃድ ነው። ይህ ንግግር ከመቅረቡ በፊትም ተነቦላቸው ይሁን ብለዋል፤ እንዲወጣ የፈለጉት አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ አውጥተነዋል።



ወስብሐት ለእግዚአብሔር።